ዘጌ ላይ ዕፅዋትን በቤተሰብ መለየት፦ የአንድ የግማሽ ቀን ጉብኝት ግምገማ

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው የዑራ ኪዳነ ምሕረትንና የአዝዋ ማርያምን የግድግዳ ሥዕሎች ለማየት ነው፤ ወደ ገዳማቱ የሚያደርሰውን ደን ግን ከጥላነቱ በቀር ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። እዚህ የምገመግመው ጉብኝት ደኑን ራሱን ዋና ጉዳይ አድርጎ የተነሣ ነው። ተሳታፊው በእግሩ እየተጓዘ የዱርና የጓሮ ዕፅዋትን በየቤተሰባቸው መመደብን ይማራል።

አገልግሎቱን ከተለመደው ጉብኝት የሚለየው የስም ዝርዝር አለማስጠናቱ ነው። በአገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች አሉ፤ ይህን ሁሉ በየስሙ እይዛለሁ የሚል ሰው ድካም እንጂ ትርፍ የለውም። የዋና ዋናዎቹን ቤተሰቦች መለያ የያዘ ግን ከዚህ በፊት ዐይቶት የማያውቀውን ተክል እንኳ የማን ዘመድ እንደሆነ ለመገመት መነሻ ያገኛል።

የቦታው ምርጫ የሚመሰገን ነው። በአካባቢው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ባሕረ ገብ መሬቱ በበሬ እንዳይታረስ አዝዘዋል ይባላል፤ ሕዝቡም ኑሮውን በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ላይ መሥርቶ ደኑን አቆይቷል። አስጎብኚው ትምህርታቸውን የሚጀምሩት ከእነዚሁ ከሦስቱ ነው። በአንድ ጓሮ ጎን ለጎን የሚበቅሉት ሦስቱ ተክሎች ከሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች የወጡ ናቸው፦ ቡና ከሩቢያሴ፣ ጌሾ ከራምናሴ፣ ሎሚ ከሩታሴ። የቡናን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርገው ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት መውጣታቸውን፣ በሁለቱ አንገት መካከልም ጫፏ የሾለ ትንሽ ልባስ መኖሯን ሲያሳዩ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲለቅም የኖረ አንድ የአካባቢው ሰው እንኳ ጠጋ ብሎ ተመለከተ።

ከሁሉ የበለጠ የወደድኩት የሎሚውን ትምህርት ነው። አስጎብኚው የሎሚ ቅጠል ለፀሐይ ብርሃን አቅንተው ያዙና ውስጡ እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚያበሩትን የዘይት ነጠብጣቦች አሳዩን፤ ቀጥሎም የጤና አዳም ቅጠል አሽተው አስሸተቱን፤ ቡናችን ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም የሎሚ የሥጋ ዘመድ እንደሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልን። ነገር ግን ነገሩ በዚህ እንዲያበቃ አልፈቀዱም። የዘይቱን ቅጠል ቆርጠው ለብርሃን ሰጡት፤ እርሱም ያው ነጠብጣብ አለው። «እንግዲህ ይህም የሎሚ ዘመድ ነው?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቻችን «አዎ» አልን፤ መልሱ ግን አይደለም ነው። የሎሚ ቅጠሎች አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ሲወጡ፣ የዘይቱን ቅጠሎች ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ ዘይቱን ቤተሰቡ ሚርታሴ ሲሆን፣ ዶቅማና ባሕር ዛፍም የዚያው ወገን ናቸው። አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ፍርድ መስጠት እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በዚሁ መንገድ ዳማከሴና በሶብላ ከላሚያሴ መሆናቸውን ግንዳቸውን በሁለት ጣት እያንከባለልን አራት ማዕዘን መሆኑን በመዳሰስ ተማርን። የወፍ ቆሎም ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉም ሽታ ያለው ስለሆነ ከእነርሱ ጋር ሊምታታ ይችላል፤ የሚለየው አበባው ነው፤ አበባው ግን ትንሽ ስለሆነ አጉሊ መነጽር ይፈልጋል። እዚህ ላይ አገልግሎቱ ጎድሎ ይታያል፤ ለመላው ቡድን የነበረው መነጽር አንድ ብቻ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብዙ ጊዜ አለፈ።

አስጎብኚውን ስለ አንድ ነገር አከብራቸዋለሁ፤ ከመካከላችን አንዱ ስለ ቅጠላ ቅጠል መድኃኒት አዘውትሮ ሲጠይቃቸው አልመለሱለትም። ዝምድና ለመብል ዋስትና እንደማይሆን አስረዱት፤ ድንችና ቲማቲም ከአስተናግር ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አስተናግር ግን መርዝ ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከሐይቁ ዳር ነው። ደንገልና ቄጠማ ከሳይፐራሴ፣ ሸምበቆ ደግሞ ከሣር ቤተሰብ ከፖዋሴ ሲሆኑ፣ ልዩነታቸውን በመዳፍ መለየት ይቻላል፤ የደንገል ዘንግ ሦስት ማዕዘንና ውስጡ በነጭ ቡጥ የተሞላ ሲሆን፣ የሸምበቆው ክብ፣ ክፍትና አንጓ ያለው ነው። ታንኳ የሚሠራበት፣ በበዓልም ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ተክል በእግራችን ሥር ሳለ፣ የጀልባው ነጂ ስለ ቸኮለ ትምህርቱ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ተጠናቀቀ። ከ2011 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ጀምሮ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭም ከተነሣ በኋላ ወዲያው ታለፈ። ለሐይቁ ዳር ቢያንስ የደኑን ግማሽ ያህል ጊዜ መስጠት ይገባ ነበር።

የሚታደለው ወረቀትም መታረም አለበት። ቁልቋልንና በለስን «እሾሃማ ተክሎች» በሚል አንድ ርእስ ሥር አስቀምጧቸዋል፤ ይህ ደግሞ አስጎብኚው በጉብኝቱ ሁሉ ያስተማሩትን የሚያፈርስ ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ ዓይን የሚጎዳ ነጭ ወተት ያፈስሳል፤ ዘመዶቹ ብሳናና ጉሎ ናቸው፤ በለስ ግን ከአሜሪካ የመጣ፣ ወተት የሌለው የካክታሴ ወገን ነው። የቤተሰቦቹ ስሞች ከላቲን የተወሰዱ በመሆናቸው በየስማቸው አጠገብ አንድ የሚታወቅ የአማርኛ ተክል ቢጻፍ፣ ለተማሪም ለመምህርም ይጠቅማል።

ለባዮሎጂ መምህራንና ለተማሪዎቻቸው ያለ ማቅማማት እመክረዋለሁ። ክፍያው የጀልባውን ኪራይ ስለማያካትት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚሻለው ወቅት ዝናቡ አቁሞ አደይ አበባና መች የሚፈኩበት መስከረምና ጥቅምት ነው፤ በበጋው መካከል የሚሄድ አብዛኛውን ነገር በቅጠል ብቻ መለየት ይጠበቅበታል። አጉሊ መነጽር ያለው ሰው የራሱን ይዞ ቢሄድ ሰልፍ ከመጠበቅ ይድናል።