በ«ለገሃር» ፈረንሳይኛ ላስጀመሩኝ እትዬ፣ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም የፓሪስና የአካባቢዋ ሐበሾች። ዛሬ የምጽፈው ሰው ለማመስገን ነው፣ ስልካቸውንም ለምትፈልጉ ለመጠቆም።

ፈረንሳይ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት በ«ቦንዡር» እና በ«መርሲ» ነው የገፋሁት። የተመዘገብኩበት ክፍል (ስሙ ይቅር) ቀለምና የእንስሳት ስም ያስጠናን ነበር። ቀጭኔ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፣ ባቡር ጣቢያው የት እንደሆነ ግን መጠየቅ አልችልም።

ከዚያ ጉዱ መጣ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ በስልክ ቀጠሩኝ። ሴትየዋ «ዱዘር ትራንት» ስትል እኔ «ደዘር ትራንት» ሰማሁ። የመጀመሪያው 12 ከ30 ነው፣ ሁለተኛው 2 ከ30። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘግይቼ፣ ያውም በጊዜ የደረስኩ መስሎኝ ፈገግ እያልኩ ገባሁ። ሥራው ቀረ። የዚያን ዕለት ማታ ነው ጓደኛዬ የእትዬን ስልክ የሰጠችኝ።

ሐበሻ ናቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ እዚህ አገር ብዙ ዘመን ኖረዋል። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ እትዬ ብያቸው ልቀጥል። የመጀመሪያ ቀን ደብተሬን ዘርግቼ ግስ ላረባ ስል «ተይው ልጄ፣ ነገ የት ነው የምትሄጂው?» አሉኝ። ገበያ አልኳቸው። «በይ ከዚያ እንጀምር።»

«ዠ ቬ» እሄዳለሁ ነው። ከኋላው ሌላ ግስ ሲቀጠልበት ደግሞ ልክ እንደኛው «ልበላ ነው፣ ልደውል ነው» ይሆናል፦ ዠ ቬ ማንዤ፣ ዠ ቬ ቴሌፎኔ። በዚህች ብቻ የሳምንት እቅዴን ማውራት ቻልኩ። ባቡር ጣቢያ «ላ ጋር» ነው ሲሉኝ ደብተሬ ላይ ልጽፍ ስል «የአዲስ አበባው ለገሃር ከየት የመጣ ይመስልሻል?» ብለው ሳቁ። ስንት ዓመት የታክሲ ረዳት ሲጠራው የሰማሁት ለካ «ጣቢያው» ማለት ኖሯል! (በነገራችን ላይ «ጋር ደ ሊዮን» እዚሁ ፓሪስ ነው። ሊዮን ከተማ ሄዳችሁ እንዳትፈልጉት።)

«ሼ» የሚባለው ቃል ክፍል ውስጥ አልገባ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ በአንድ ፊደል ጨረሱት፦ «ጋ»። ሐኪም ጋ፣ ፀጉር ሠሪ ጋ፣ እነ እከሊት ጋ። ወደ ሰው ስትሄዱ ሼ ነው፣ አለቀ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የቀን አቆጣጠሩን ነው። ፈረንሳዮች ሁለት ሳምንትን «ካንዝ ዡር»፣ 15 ቀን ይሉታል። «የዛሬ አሥራ አምስት ነይ» ሲባል ላደገ ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል?

ሰዓት ላይ ግን ምሕረት የላቸውም። እኔ በልቤ «ከቀኑ ስምንት» ብዬ ስድስት ስደምር ነበር የምሳሳተው። ስልኬን ወደ 24 ሰዓት አስቀየሩኝ። ከሰዓት ስምንት «ካቶርዘር» ነው፣ 14 ሰዓት፣ ከዱዘር ጋር የሚምታታበት መንገድ የለም። ቀጠሮ ሲሰጠኝም የሰማሁትን መልሼ እንድል አስለመዱኝ።

እውነቱን ለመናገር ለሁሉም አይሆኑም። ዴልፍ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ብቃት ፈተና ለመፈተን የምትዘጋጁ ከሆነ ራሳቸው ሌላ መምህር ፈልጉ ይሏችኋል። ካረፈዳችሁባቸውም ይቆጣሉ። ትምህርቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በቴሌግራም ወይም ካፌ ቁጭ ብሎ ነው። ካፌ ከሆነ ቡናውን የምታዙት እናንተ ናችሁ፣ በፈረንሳይኛ። ለሰዓት 10 ዩሮ ከፈልኩ፣ ሥራ ሳይኖረኝ ደግሞ «ስታገኚ ትሰጪኛለሽ» ብለውኛል።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ደወሉልኝ። «አ ኬለር?» ብዬ ሰዓቱን ጠየቅኩ፣ የተነገረኝን ደግሜ አልኩ፣ አሥር ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። የመጀመሪያውን ቀጠሮ የሚሰጧችሁ ግን በፈረንሳይኛ ነው። «ድማን» ካሉ ነገ ነው፣ «ዲማንሽ» ካሉ እሑድ፣ ደህና አድርጋችሁ አዳምጡ።