«ፉል ፕሮግራም ልጫንልህ?» ሲሏችሁ፦ ክራክ፣ ነጻ ወይስ የተከፈለበት?

ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። ጥገና ቤት ያለው ልጅ ፍላሹን ይሰካና «ፉል ፕሮግራም ልጫንልህ?» ይላል። ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ ፎቶሾፕ፣ አውቶካድ፣ ፒችትሪ፣ ፓወር ግዕዝ። ቡና ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ያልቃል። እሺ ከማለታችሁ በፊት ግን ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን እንያቸው።

ገለልተኛ ነኝ አልልም። የሠርግ መጥሪያ ካርድ ዲዛይን ነው የምሠራው፣ ዓመታት በክራክ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ክፍያ በሚሠራ ፕሮግራም፣ ሠርቻለሁ።

ከዊንዶውስ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖበት ከፋብሪካ የወጣ ላፕቶፕ፣ የላይሰንሱ (የመጠቀሚያ ፈቃዱ) ቁልፍ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚመጣው። ፎርማት ቢደረግም አይጠፋም። ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ መልሳችሁ ከጫናችሁ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል፣ ፈቃዱ ይረጋገጣል ማለት ነው። ልጁ ግን ሆም የሚባለውን ዓይነት ዊንዶውስ አጥፍቶ ክራክ የሆነ ፕሮ የሚባለውን ይጭንላችኋል። የተከፈለበትን ጥላችሁ የተሰረቀውን ያዛችሁ ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አክቲቬሽን የሚለውን እዩት። «ዲጂታል ላይሰንስ» ካለ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። በግል ላፕቶፓችሁ ላይ «በድርጅትህ በኩል አክቲቬት ሆኗል» ዓይነት ነገር ካለ ግን፣ የቱ ድርጅት? ያ ለመሥሪያ ቤቶች የተሠራ፣ በየ180 ቀኑ የሚታደስ ፈቃድ ነው። ክራኩ መሥሪያ ቤት መስሎ ያድስላችኋል።

ክራክ በዋጋ የሚያህለው የለም፣ ይሄን አልክድም። ፍላሹ ውስጥ ያለችውን አጭር የጽሑፍ ፋይል ግን ከፍታችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሁሌም አንድ ነው፦ አንቲቫይረሱን አጥፋ። እኔም አጠፋሁ። ጥር ሊገባ ሲል፣ ሥራ በሚጨናነቅበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት የካርዶቹ ፋይሎች ሁሉ ስማቸው ላይ አራት የማላውቃቸው ፊደላት ተቀጥለው አገኘኋቸው። አንዱም አይከፈትም። አጠገባቸው ደብዳቤ አለ፦ 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካናገራችሁን 490። በኋላ ሳነብ ይሄ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ስቶፕ እንደሚባልና በዋናነት የሚሰራጨውም በክራክና በአክቲቬተር እንደሆነ አወቅኩ። አልከፈልኩም። የሦስት ሙሽሮችን ካርድ ከዜሮ ሠራሁ፣ አንዷ እናት እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

ነጻዎቹ ደግሞ ከሚታሙት በላይ ናቸው። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ ይበቃል። የቸገረኝ ከወርድ የመጣ ሰነድ አንዳንዴ ገጹ መዘበራረቁ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የምታስረክቡ ከሆነ በፒዲኤፍ ስጡ። ለአማርኛ ኪማን የሚባለው ኪቦርድና አቢሲኒካ ፎንት ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል አሠራር፣ በዩኒኮድ፣ ስለሚሠሩ ጽሑፋችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ቁልል አይሆንም። ለፎቶ ጂምፕ አለ፣ ግን ለማተሚያ የሚሆን ሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች የተዘጋጀ) ፋይል ላይ ደካማ ነው። ለዚያ ስክራይበስ የሚባለውን ነጻ የገጽ ማቀናበሪያ እመርጣለሁ፣ መልመዱ ቢያደክምም። የፖሊ (የምህንድስና ግቢው) ተማሪዎች የንድፍ መሥሪያውን አውቶካድን ክራክ የምታደርጉበት ምክንያት አይታየኝም። አምራቹ ተማሪነቱን ላረጋገጠ ሰው በየዓመቱ የሚታደስ ነጻ ፈቃድ ይሰጣል። ገንዘብ የምትቀበሉበትን ሥራ ግን በሱ መሥራት አይፈቀድም።

«ቢል ጌትስ በኔ አይደኸይም» የምትለው ነገር አለች። እኔም ብያታለሁ። ግን ከዚያው ፍላሽ የሚወጣው ፓወር ግዕዝ የፈረንጅ አይደለም፣ እዚሁ አገር የተሠራ ነው። እሱን ስንገለብጥ የቱን ሀብታም እንደምናመካኝ አላውቅም። ሕጉም ቢሆን የአገር ልጅና ፈረንጅ አይልም፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቀዋል። እኔን የነካኝ ግን ሕጉ አይደለም። አንድ ማተሚያ ቤት የዘንባባና የታንኳ ሥዕል ያለበትን ካርዴን ስሙን ብቻ ቀይሮ ሲሸጠው አገኘሁት። ሄጄ ጮህኩ። ባለቤቱ አዳመጠኝና «ይሄን በምን ሠራኸው?» አለኝ። በፎቶሾፕ አልኩት። «ገዝተኸው ነው?» መልስ አልነበረኝም።

የተከፈለበትን በተመለከተ፣ ችግሩ ብሩ ብቻ አይደለም። ብዙ የውጭ ድረ ገጽ የብር ካርድ አይቀበልም። ፎቶሾፕም ዛሬ አንዴ ተከፍሎ የሚያዝ ዕቃ አይደለም፤ አዶቢ ከ2013 ወዲህ አዲሶቹን የሚሸጠው በኪራይ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ነገር ክፈሉ አልላችሁም። ለቤት፣ ለትምህርት፣ ለደብዳቤ ነጻዎቹን ያዙ። እንጀራ የምትበሉበት አንድ ፕሮግራም ካለ ግን ለሱ ክፈሉ፣ ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው ይኖራችኋል።

እኔ አሁን ዓመቱን በነጻዎቹ እሠራለሁ። ሠርግ በሚበዛባቸው በጥርና በሚያዝያ ብቻ ፎቶሾፕን በወር እከራያለሁ። ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ በካርዱ ይከፍልልኛል፣ እኔ ደግሞ ሰው ሲሄድ በርበሬ እልክለታለሁ። ባለፈው ዋጋው ሲጨምር ሽሮም ጨምሪበት ብሎ ለእናቱ ነገራት።