«በሁለት ቀን ያጠፋል» የሚባለውን ስም የለሽ ቅባት እንዳትገዙ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወገኖቼ፣ «ለጭርት፣ ለችፌ፣ ለማንኛውም ሽፍታ» እየተባለ በነጭ ብልቃጥ በእጅ የሚሸጠውን ቅባት እባካችሁ አትግዙ። እኔ ገዝቼ አምስት ወር ተሰቃይቻለሁ።

ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው የምውለው፤ የከተማችንን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። መቀመጫዬ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ቀይ ክብ ወጣችብኝ፤ ጠርዟ ከፍ ያለ፣ ቅርፊት ያላት፣ ሌሊት እንቅልፍ የምትነሳ። ቦታው ቦታ ነውና ለሐኪም ማሳየት አፈርኩ። ሻጩም የሚነግደው በዚሁ ሀፍረት ነው። «ማሳየት አያስፈልግም፣ ንገረኝ ብቻ። አብሽር፣ ከቅጠል የተቀመመ ነው» አለኝ። 350 ብር ከፈልኩ።

እውነትም በሁለተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ፣ ቅላቱም ጠፋ። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ባቆምኩ በሳምንቱ ሰፍቶ ተመለሰ። ስደውል «መርዙ እየወጣ ነው፣ አታቋርጥ» ይለኛል፤ እኔም ሌላ እገዛለሁ። አራተኛው ብልቃጥ ላይ ስደርስ ሽፍታው ወደ ጭኔ ወርዷል፣ ቆዳዬ ሳስቶ ወይን ጠጅ መስመር አውጥቷል። ገንዘቤን ስጠይቅ ስልኩን ዘጋ።

ባለቤቴንም ክንዷ ላይ ሲጀምራት ነው የሀረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ የቆዳ ሐኪም ጋ የሄድነው። ከጠርዙ ቅርፊቱን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ አየው፤ ጭርት ነው፣ ፈንገስ። እንዲህ ቶሎ የሚያስታግሱ ስም የለሽ ቅባቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) እንደሚገኝ አስረዳኝ። ስቴሮይድ ማሳከኩን ያስተኛል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም፤ የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ጭራሽ ይመቸዋል። የሽፍታውንም መልክ ይለውጠዋል፣ ሐኪም እንኳ ሊያደናግር ይችላል። መስመሮቹ ይደበዝዛሉ እንጂ ጨርሰው አይጠፉም ብሎኛል፤ ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

ቅባቱን አስቁሞ የፈንገስ ክሬም በቀን 2 ጊዜ፣ ብዙ ቦታ ስለያዘኝ ደግሞ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘልኝ። ሁሉም ተደምሮ ለብልቃጦቹ ካወጣሁት ያነሰ ነው። ስቴሮይድ ሲቆም ለጥቂት ቀን ሊብስ እንደሚችል ነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ሽፍታው ጠፋ ብላችሁ ክሬሙን ወዲያው አታቁሙ፤ የታዘዘውን ቀን ጨርሱ። ፎጣ አትዋዋሱ፣ የውስጥ ሱሪ ጥጥ ይሁን፣ በደንብ ደርቆ ይለበስ።

የእኔን መድኃኒት ስም የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። መቀመጫ ላይ የሚወጣ ሁሉ ጭርት አይደለም፤ ችፌም፣ ብጉንጅም፣ የመፋተግ ቁስልም አለ፣ ሕክምናቸው ይለያያል። ከፋርማሲ ስትገዙም ሣጥኑን አንብቡ፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን (ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው) የሚል ካለበት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀቡት።

የእኔ ብልቃጥ ክዳኑ በአረንጓዴ ፕላስተር የታሸገ፣ ጥቁር አዝሙድ የሚሸት፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው ነው። እቤታችሁ ካለ ለልጆች እንዳትቀቡ፤ ይዛችሁት ሐኪም ጋ ሂዱ። እኔ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመሩ 8482 ደውዬ አመልክቻለሁ፤ እናንተም ደውሉ።