ዘበኛ ጣሪያ ላይ አይወጣም፦ ለደብረ ማርቆሱ የቆርቆሮና የጭቃ ቤት ባለሙያ ምስጋና

ሰው የማይኖርባቸውን ቤቶቻችንን ክረምት ከበጋ እየተመላለሰ ለሚያይልን የደብረ ማርቆስ ባለሙያ ምስጋናችን ይድረሰው። የወላጆቻችሁን ቤት ቆልፋችሁ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ ይህን ሰው ያዙት።

ዘበኛ በር ይጠብቃል፤ ባዶ ቤት ግን የሚፈርሰው ከላይ ነው። የቆርቆሮ ሚስማሩን ጎማ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ጎማው ሲሰነጠቅ ውሃው በቀዳዳው ጠብ ጠብ እያለ ማገሩን ያበሰብሰዋል። ቤቱ ውስጥ ሰው ቢኖር ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ባየ ማግስት ያሠራው ነበር።

ባለሙያው ሰኔ ሳይገባ የባሕር ዛፍ ቅጠል የደፈነውን አሸንዳ ይጠርጋል። ይህን አትናቁት፦ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ስድስት በርሜል ውሃ ነው። አሸንዳው ከተደፈነ ያ ሁሉ የግድግዳው እግር ሥር ይፈስሳል። ጣሪያ ላይ ሲወጣ የሚረግጠው ሚስማር የተደረደረበትን መስመር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ማገር አለና። ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ መሐሉን ከረገጡት ይጎደጉዳል፣ ውሃም ያቁራል። የላላ ሚስማር መልሶ አይመታም፤ ነቅሎ ረዘም ባለ ይተካዋል፣ እሱንም በጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ስርጉድ ላይ አይመታም።

ልስኑ ሲረግፍ «ሲሚንቶ ለጥፍበት» ብትሉት እምቢ ይላል፤ ልክ ነው። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀርና ቆይቶ ከነጭቃው ተገንጥሎ ይወድቃል። እሱ የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ለውሶ፣ እስኪሸት ድረስ ለቀናት አቡክቶ ነው የሚለስነው። ዋጋውም ከሲሚንቶ ይረክሳል።

ምስጥ ሲፈልግ ከመሠረቱ ወደ ላይ የሚወጣ፣ እርሳስ የሚያህል የጭቃ መስመር ያያል። ፍቆ ምልክት ያደርግበታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩ ታድሶ ካገኘው ምስጡ እዚያው ነው ማለት ነው። የቀረው ቀላል ነው፦ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ፣ የውሃው ጌት ቫልቭ (የመስመሩ መዝጊያ) መዘጋቱን ማየት።

አንድ እንከን አለበት፤ ፎቶ መላክ ይሰለቸዋል። ከመነሻው ተነጋገሩበት።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ግን ቀን አይገኝለትም።