የባርኔጣ ፌልት ቤት ውስጥ ለመንከር የትኛው ቀለም ይገዛ?

ለባርኔጣ የሚሆን ፌልት፣ ማለትም እስኪጠነክር ተጠቅጥቆ የተሠራ ሱፍ፣ እንደ ስስ ጨርቅ ቶሎ ቀለም አይጠጣም። ላዩ አምሮ መሃሉ ነጭ ሊቀር ይችላል። ይህም የሚታወቀው ክፈፉን በመቀስ ስትቆርጡት ነው። ስለዚህ ቀለም ስትገዙ ከድምቀቱ በፊት ዘልቆ መግባቱን አስቡ።

በዚህ በኩል የአሲድ ቀለምን የሚያህል የለም፤ ጃካርድ በሚል ስም የሚሸጠው አንዱ ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፣ አሲድ የተባለው ኮምጣጤ ወይም ሲትሪክ አሲድ ነው። የተሠራው ለሱፍና ለሐር ነው። ለ100 ግራም ደረቅ ሱፍ 2 ግራም ዱቄት ይበቃል፣ ለጥቁር ግን እጥፉ ያስፈልጋል። 14 ግራም የሚይዘው ብልቃጥ እንግዲህ ለብዙ ባርኔጣ ይሆናል። ፌልቱን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ከዚያ ኮምጣጤ ሳትጨምሩ ከቀለሙ ጋር ቀስ አድርጋችሁ አሙቁት፤ ኮምጣጤው ቀድሞ ከገባ ቀለሙ ላዩ ላይ ይይዛል። ሰርጎ ሲገባ ኮምጣጤውን ከፌልቱ ራቅ አድርጋችሁ አፍስሱ። ሳይንተከተክ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ወፍራም ከሆነ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሱፉ ቀለሙን ሲጨርስ የድስቱ ውሃ ይጠራል፣ እኔ ይህን ማየት በጣም ደስ ይለኛል። እዚያው ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ይኮማተራል።

አሜሪካ ያላችሁ ሪት የተባለውን በየሱፐርማርኬቱ ታገኙታላችሁ። የጥጥና የሱፍ ቀለም አንድ ላይ ተቀላቅሎበታል። ሱፉ የራሱን ሲወስድ የጥጡ ባብዛኛው ውሃው ውስጥ ስለሚቀር፣ የምታገኙት መልክ ካርቶኑ ላይ ካለው ሊለይ ይችላል፣ ማለቅለቁም ይረዝማል። ለአንድ ባርኔጣ ብቻ ከሆነ ይሁን። ዳይሞር የሚለውን ግን አትግዙ፣ ለሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው።

ከጓዳ የሚገኘውም አይናቅም። የሽንኩርት ልጣጭ ከአሉም (ቀለሙን ሱፉ ላይ ከሚያስይዘው ጨው) ጋር ወርቃማና ቡናማ መልክ ይሰጣል። እርድ ግን ደማቅ ቢጫ ቢያወጣም ፀሐይ ቶሎ ያደበዝዘዋል፣ ባርኔጣ ደግሞ ውሎው ፀሐይ ላይ ነው። ለሽያጭ የምትሠሩ ከሆነ ያንኑ መልክ ደግሞ ማውጣት ስለሚከብድ የአሲዱን ምረጡ።

የቱንም ብትገዙ ዱቄቱን ስትመዝኑ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ድስቱንም ለምግብ አትመልሱት። ፌልቱ ሱፍ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ቁራጭ ጫፍ አቃጥሉ፦ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ከሠራ ሰው ሠራሽ ነውና የአሲድ ቀለም አታባክኑበት።