ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው፦ ከልብ ኦፕራሲዮን በኋላ ትንፋሽ ያስቸገረው ሰው ካላችሁ

ሰላም ቤተሰብ፣ አንዲት ፊዚካል ቴራፒስት እህታችንን በአደባባይ ላመሰግናት ነው፣ እሷ እንኳን እንዲህ መባሉን አትወደውም።

አባዬ ባይፓስ (በተዘጋው የልብ ደም ስር ምትክ ሌላ ደም ስር መቀጠል) ተሰርቶ ልቡ በጣም ጥሩ ነው ተባለ፣ ቁስሉም ደረቀ፣ ግን በጀርባው ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሶፋ ላይ ተደግፎ ነው የሚያድረው፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ያለከልካል፣ ስግደትማ ጭራሽ ቀረ። በጠየቅን ቁጥር መልሱ ዕድሜ ነው፣ ቀስ እያለ ይሻለዋል። እኛም እሺ ብለን ተቀመጥን።

እሷን ያገኘናት ለእግሩ ብለን ፊዚካል ቴራፒ ስንወስደው ነው። "ጋሼ እስቲ ጋደም ይበሉልኝ" ብላ እጇን ሆዱ ላይ አደረገች፣ አየር ሲስብ መነፋት የነበረበት ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል! ትንፋሹን ቁጭ ብሎም ተኝቶም ለካችው፣ ሲተኛ በጣም ይወርዳል። "በሽታው ይሄ ነው ማለት የኔ ስራ አይደለም፣ ግን ዲያፍራሙ (ከሳንባ ስር ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ) ይታይ" ብላ ለሐኪሙ ጻፈችለት። ኤክስሬይ ፊት ቆሞ በአፍንጫው ፈጠን አድርጎ ሲስብ የቀኙ ዲያፍራም ይወርዳል፣ የግራው ግን መውረድ ሲገባው ወደ ላይ ይወጣል። ለካ ለባይፓስ ከደረት ግድግዳ የሚወሰደው የደም ስር አጠገብ ዲያፍራምን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል፣ በኦፕራሲዮን ጊዜ ሊጎዳ ይችላል፣ ልብን ለማቀዝቀዝ የሚደረገው በረዶም እንደዛው።

ከዛ ስራ ተጀመረ። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ስትስብ ከፍ የምትለዋን ፕላስቲክ ታውቋት ይሆናል፣ አሁን የሚሰራበት መሳሪያ ግን ሌላ ነው፣ ውስጡ ስፕሪንግ አለው፣ ጠንክረህ ካልሳብክ አየር አያስገባም፣ ለመተንፈሻ ጡንቻ እንደ ጂም ክብደት በሉት። መጀመሪያ የደረት አጥንቱ መግጠሙን ከሰርጀኑ አረጋገጠች። ከሙሉ አቅሙ 30 ፐርሰንት ላይ አስጀመረችው፣ አፍንጫው በክሊፕ ተይዞ ጠዋት 30 ማታ 30 ትንፋሽ፣ ካዞረው ወዲያው ያቆማል፣ አቅሙን እንደገና እየለካች ነው የምትጨምርለት እንጂ በግምት አይደለም። አባዬ "ይሄ የህጻን ጡሩምባ ነው" እያለ ሲያሾፍ ነበር፣ አሁን ሳይነፋት (ሳይስባት ልበል) ቁርስ አይበላም 😂

በጣም የወደድኩላት አለማጋነኗን ነው። ነርቩ ከዳነ በራሱ ጊዜ ነው፣ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ከአመት በላይም ሊሄድ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ እኛ የምናጠነክረው የሚሰራውን ጡንቻ ነው ብላ ፊት ለፊት ነገረችን። አባዬ ዛሬ አልጋው ላይ በአንድ ትራስ ይተኛል። ደረጃ ሲወጣ አሁንም ቆም ይላል፣ ስግደቱንም ገና አልጀመረም፣ ግን ቤተክርስቲያን ቅዳሴውን ቆሞ ያስቀድሳል።

እግዚአብሔር ይስጥልን እህቴ፣ ቡና እንኳን በስንት ልመና ነው የጠጣሽልን!

ስሟን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ። ሪፈራል ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ኢንሹራንሳችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ስትሄዱ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።