የፓይተን ፍሎት ወደ ስትሪንግ፦ ለውርጭ መለኪያ ይሆናል፣ ደረሰኝ ላይ ግን አይታመንም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ ለሚሸጥ ሱቅ የደረሰኝ ፕሮግራም በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ይሄ ነው። ዋጋው 100 ብር፣ ቫቱ 15 በመቶ። 1.15ን በ100 አባዝቶ ቁጥርን ወደ ጽሑፍ (ስትሪንግ) በሚቀይረው «ስትር» ሲያሳትመው 114.99999999999999 ይወጣል። ጭራውን ልቁረጥ ብሎ ከነጥብ በኋላ ያለውን የሚጥለውን «ኢንት» ከጨመረበት ደግሞ 114፤ አንድ ብር እልም አለ።

«ስትር»ን መውቀስ ግን ግፍ ነው። ፍሎት፣ ማለትም ነጥብ ያለው ቁጥር፣ በ64 ቢት ባይነሪ (በ0 እና 1 ብቻ) ስለሚቀመጥ 1.15 እንዳለ አይገባበትም፤ የተቀመጠው በትንሹ ያነሰ ቁጥር ነው። «ስትር» የሚያወጣው፣ ተመልሶ ሲነበብ ያንኑ ፍሎት የሚሰጠውን አጭሩን ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. 2009 ላይ ከወጣው ፓይተን 3.1 በፊት የ«ስትር» ወንድም «ሪፕር» ለ0.1 እንኳ 0.10000000000000001 ይል ነበር። አሁን ፋይል ላይ ጽፎ መልሶ ማንበብ ቅንጣት አያጎድልም፤ በዚህ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ከ0.0001 በታች እና 1 ከነ16 ዜሮው ከሆነው ቁጥር ጀምሮ በ«ኢ» ፊደል (እንደ 1e+16) መጻፉን ብቻ ልብ በሉ።

ለእይታ «ነጥብ ሁለት ኤፍ» (.2f፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ) ያለው ፎርማት ይሻላል፤ ያንኑ ዋጋ 115.00 ብሎ ያወጣዋል። ግን 2.675 ኪሎ የመንዝ ሱፍ ስጡት፦ 2.68 ስትጠብቁ 2.67 ይላል። ውስጥ ያለው 2.67499999999999982 ገደማ ስለሆነ ወደ ታች መውረዱ ትክክል ነው። ማጠጋጊያው «ራውንድ»ም ያንኑ ይመልሳል፤ መድኃኒት መስሏችሁ አትድከሙ።

የኅዳር ውርጭ ለሚለካ ቴርሞሜትር ሌላ ጣጣ አለ፦ -0.04 ከነጥብ በኋላ በአንድ አኃዝ ሲጻፍ «-0.0» ይሆናል። አንባቢ ይስቃል። ከፓይተን 3.11 ጀምሮ ፎርማቱ ላይ ከነጥቡ በፊት «ዜድ» ፊደል ሲጨመር (z.1f) የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል።

ለገንዘብ ቁጥርን በአስርዮሽ እንዳለ የሚይዝ «ዴሲማል» አለ፤ ቁጥሩን በጥቅስ ውስጥ፣ እንደ ጽሑፍ ስጡት። ፍሎቱን ራሱን ከሰጣችሁት ስህተቱን ከነጭራው ይወርሳል። ከዚያ በ«ኳንታይዝ» ወደ 0.01 አጠጋጉ፤ ሳይነገረው መሃል ላይ የወደቀውን ወደ ተጋማሽ (ለ2 እኩል ወደሚካፈል) አኃዝ ስለሚወስድ 2.665ን 2.66 ያደርገዋል። 2.67 የሚፈልግ «ራውንድ ሃፍ አፕ» ብሎ ይዘዘው።

ለትንሽ ሱቅ ግን ይሄም ይበዛል። ሁሉን በሳንቲም ያዙ፦ 10000 ሲባዛ 115፣ ሲካፈል 100፣ 11500። ነጥቡን ደረሰኙ ሲታተም ብቻ ጣል አድርጉበት።